እሑድ ጧት ቤት ነህ?

ቀኑ ሰኔ ዐሥራ አራት ነበር። ወይስ ሃያ አንድ? እሑድ መሆኑን አልጠራጠርም፤ በሥራ ቀን ከማለዳ ጀምሮ በመስኮቴ ሥር የማይቋረጠው የአውቶቡስ ድምፅ በዚያ ጧት አልነበረም። ዓመቱ ሁለት ሺህ አንድ ነው፤ እሱንም አልጠራጠርም። ቀኑን ግን ደጋግሜ ባስበውም አይያዝልኝም። የዚያን ዓመት ማስታወሻ ደብተሬን ስገልጥ ከሰኔ ሦስት ቀጥሎ የማገኘው የሐምሌን ወር ነው።

አባቴ አዲስ አበባ ያረፉት ሰኔ ሰባት ቀን ነው። ይህ በመቃብራቸው ላይ ስለ ተጻፈ አያከራክርም። እኔ የሰማሁበት ቀን ግን የትም አልተጻፈም። ዐሥራ አራት ከሆነ አባቴን ከሞቱ በኋላ አንድ ሳምንት፣ ሃያ አንድ ከሆነ ሁለት ሳምንት በሕይወት አኑሬአቸዋለሁ ማለት ነው። በመካከሉ፣ በአንደኛው ቀን፣ እዚህ ለንደን አንድ መቶ ሠላሳ አራት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ከዕፀገነት ጋር ተገናኝተን ነበር። ለአባቴ መነጽር በሰው እንደ ላክሁላቸው፣ መድረስ አለመድረሱን ለመጠየቅ በሳምንቱ መጨረሻ እንደምደውል አወራኋት። «ደግ አድርገሃል» አለችኝ። «ሰላም በልልኝ።»

መርዶውን ይዛ በሬን ያንኳኳችው እሷ ናት። ሦስት ሰዎች ከኋላዋ ቆመዋል፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ስለዚህ ያን ዕለት አውቶቡስ ላይ ሰላም በልልኝ ስትለኝ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም? ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ልጠይቃት እያሰብሁ አልጠየቅኋትም።

ዕፀገነት አምሳ አራት ዓመቷ ነው። በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች ትምህርቱ ተቋረጠ፤ ሌሎቹ ሲመለሱ እሷ አልተመለሰችም። በናይሮቢ በኩል ለንደን ገባች። አሁን ፓርክ ሮያል በሚገኝ የሳንድዊች ፋብሪካ ትሠራለች፤ ሺፍቷ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ነው። መርዶ ነጋሪ ያደረጋት ይህ የሥራ ሰዓት ነው። አገር ቤት ሰው ሲሞት እዚህ ላለው ልጅ ወይም ወንድም አይደወልለትም፤ ለሌላ ሰው ይደወልና ያ ሰው ሌሎችን አስከትሎ፣ ሐዘንተኛው ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ በማለዳ ሄዶ ያረዳዋል። ጧት ጧት ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ በእኛ መካከል ብዙ አልነበረም። አንድ ቀን ሽማግሌዎች ማን ይናገር እያሉ በአንድ ሰው ሳሎን ሲገፋፉ ሰውየው ግራ ገብቶት ሲያያቸው፣ ከበሩ አጠገብ ቆማ የነበረችው ዕፀገነት ተናገረች። «እናትህ ዐርፈዋል። ማክሰኞ ነው። አልተሰቃዩም። እኛ አለን።» ከዚያ ዝም አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ የእድራችን ሰዎች ሌላ ሰው አልፈለጉም።

ስንት ሰው እንዳረዳች ጠይቄአት አላውቅም። ከስድሳ ያንሳል ብዬ አላስብም። አስቀድማ የምታደርገው ነገር አለ፤ ሰውየው ቤት መኖሩን ለማረጋገጥ ትደውልና «እሑድ ጧት ቤት ነህ?» ትላለች። ይህ ጥያቄ በእኛ ዘንድ የታወቀ ሆነ። ሌላ ሰው በቀልድ እንኳ አይጠይቀውም። እሷም ለሌላ ጉዳይ ስትደውል ወይም መልእክት ስትጽፍ በመጀመሪያ «ለሰላም ነው» ማለትን ለመደች። ለሰላም ነው፣ የልደቱ ኬክ ከየት ነው የተገዛው? ለሰላም ነው፣ ዣንጥላዬን ረስቻለሁ።

አንድ ጊዜ ዌምብሊ ያለች ወዳጇ ቤት ድስት ልትመልስ ማልዳ ሄደች። ወዳጇ በበሩ ቀዳዳ አይታት፣ በሩን ሳትከፍት፣ እናቴን እያለች ጎረቤቶቿ እስኪወጡ ድረስ ጮኸች። ድስቱ በራፉ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዕፀገነት ከቀትር በፊት የማንም ሰው ቤት አትሄድም። ሰዎች ይወዷታል። ጧት እንድትመጣባቸው ግን አይፈልጉም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሥራ ላይ ናት።

አምሳ ዓመት ሊሞላት ሲል ዩኒቨርሲቲ አፕላይ አደረገች። በሳምንት ሁለት ጧት፣ ፓርት ታይም፣ የዕፅዋት ሳይንስ። ለማንም አልነገረችም፤ እኔ የሰማሁት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ትምህርት ክፍሉ በየዓመቱ ጥቂት ተማሪዎችን ለስድስት ሳምንት ወደ ቤልጂየም ይልካል። እዚያ በአንድ አሮጌ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የደረቁ ዕፅዋት የተቀመጡበት ትልቅ ስብስብ አለ፤ ተማሪዎቹ መለየት፣ ወረቀት ላይ መለጠፍና ስም መስጠት ይማራሉ። ከምሥራቅ አፍሪካ መጥተው ስም ያልተሰጣቸው ብዙ ሣጥኖች እንዳሉ መምህሯ ነግራታለች።

ሁለት ጊዜ ተቀብለዋት ሁለት ጊዜ ቀረች። በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ወር ሦስት ሰው ሞተ። በሁለተኛው ዓመት ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ከአገር ቤት ስልክ መጣ፤ የእድሩ ሰዎች እባክሽ አሏት፣ ሻንጣዋን ፈታች። ትምህርት ክፍሉ ለሦስተኛው ዓመት አንድ መስመር ጻፈላት፤ ቦታው ጥቂት ስለሆነ አሁንም ከቀረች ዳግመኛ እንደማይመለከታት።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ በየካቲት ነው። ሐሙስ ዕለት ደወለችልኝ።

«ሳህሌ፣ እሑድ ጧት ቤት ነህ?»

ቤት ነኝ አልኳት። እናቴ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ቅዳሜ አዲስ አበባ ደወልሁ፤ ስልኩን ያነሡት ራሳቸው እናቴ ናቸው፤ ጉንፋን ይዟቸዋል። ድምፃቸውን ሰምቼም አልተረጋጋሁም፤ የእኅቶቼን፣ የአጎቶቼን፣ የአክስቶቼን ስም በየተራ እያነሣሁ ደኅንነታቸውን ስጠይቅ «ምን ነካህ ልጄ፣ ልትሞት ነው እንዴ?» አሉኝ።

እሑድ በሩን ስከፍት ዕፀገነት ብቻዋን ነበረች። ላፕቶፕ ታቅፋለች። ፊቴን አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ረሳሁት። ለሰላም ነው ማለቱን ረሳሁት።»

«ማን ነው?»

«ማንም አይደለም። ፎርም ነው። ዴድላይኑ ነገ ነው።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ እሷ ሳቋን ቶሎ ጨረሰች።

ፎርሙ አምስት መቶ ቃል ያህል ስለ ራሷ እንድትጽፍ ይጠይቃል። እሷ የጻፈችው አራት መስመር ነው። ጽሑፍ የእኔ ሥራ ስለሆነ ላግዛት ነው የመጣችው።

«ከሰው ጋር ስለ ሠራሽው ሥራ ግለጪ ይላል» አልኳት። «መርዶውን ለምን አትጽፊውም?»

«ምን ብዬ? ጧት ጧት ሰው አስለቅሳለሁ ብዬ?»

«በዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ይጻፋል እኮ።»

«አንተ በየትኛውም ቋንቋ ጻፈው፤ አንብበው በሩን ይዘጉብኛል።»

ስለ ዕፅዋቱ ንገሪኝ ስላት ግን ብዙ አወራች። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለች ለክፍል ሥራ ከእንጦጦ አርባ ዓይነት ተክል ሰብስባ ነበር። በጋዜጣ መካከል አድርጋ፣ በላዩ መጽሐፍ ጭና፣ በዶርም አልጋዋ ሥር አድርቃቸዋለች። የሠላሳ ዘጠኙን ስም ጽፋ አርባኛውን ማወቅ አቃታት። ትምህርቱ ሲቋረጥ እዚያው አልጋው ሥር ቀሩ። አርባኛው ቅጠሉ በታች በኩል እንደ ቬልቬት ለስላሳ እንደ ነበር ጣቶቿን እያፋተገች አሳየችኝ። ይህን ጻፍነው።

«ስድስት ሳምንት አይረዝምብሽም?» አልኳት በመጨረሻ።

«እዚያ የሚያውቀኝ ሰው የለም» አለች። «ጧት ወጥቼ የማንንም በር ባንኳኳ ግቢ ነው የሚለኝ።» ላፕቶፑን ዘጋች። «ተክሎቹ ደግሞ አንዴ ሞተዋል። ሄጄ የማረዳው ዘመድ የላቸውም።»

በሚያዝያ ተቀበሏት። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ደጁ ላይ ስንሰባሰብ ወሬው ደርሶ ነበር። የእድሩ ሊቀመንበር እትዬ ሐረገወይን መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «ለመሆኑ አንቺ ስድስት ሳምንት ስትቀሪ እኛ እንዴት ልንሆን ነው?» አሏት።

«ሌላ ሰው ይለምድ እትዬ።»

«እስክትመለስ ማንም እንዳይሞት በስብሰባ እንወስናለን» አለ ተክለአብ። ተክለአብ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። ነገርን ሁሉ በቀልድ ማሳለፍ ይወዳል።

«አንተ ዝም በል» አሉት እትዬ ሐረገወይን።

«ዝም አልልም። ይቺ ሴት በዚህ ዕድሜዋ ዶርም ልትገባ ነው። ልጆቹ ሙዚቃ ሲያስጮሁብሽ ምን ልትያቸው ነው?»

«በራቸውን አንኳኩቼ ለሰላም ነው እላቸዋለሁ።»

የሳቀው እሱ ራሱ ነው፤ ከሁላችንም በላይ ሳቀ። «እንግዲያው ሻንጣሽን ባቡር ጣቢያ ድረስ የምሸከመው እኔ ነኝ» አላት። «ሁለት ጊዜ አታለሽናል። ስትሄጂ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ስትዘጋጅ አየኋት። ፋብሪካው የአራት ሳምንት ፈቃድ ሰጣት፤ የቀረውን ሁለት ሳምንት ያለ ደመወዝ ተስማሙ። የእጅ ማጉያ መነጽር ገዛች። የፍልሰታ ጾም እዚያ ሳለች ስለሚገባ ወጥ ቤቱ የጋራ መሆን አለመሆኑን በኢሜይል ጠየቀች። የምትወስዳቸውን ነገሮች ጽፋ ፍሪጇ ላይ ለጠፈች፤ አንዱን በያዘች ቁጥር በእርሳስ ትሰርዛለች። የመጨረሻው «የቤት ጫማ» የሚል ነበር። ሳትሰርዘው ብዙ ቆየ። በሁለቱ ዓመታት የቀረችው ያንን ከያዘች በኋላ እንደ ሆነ ነገረችኝ።

የምትሄደው ዓርብ ሰኔ ሃያ ሰባት፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ በሚነሣው ባቡር ነው። ምዝገባው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ያበቃል፤ ያልተመዘገበ ተማሪ ቦታው ይሰረዛል።

ዓርብ በአንድ ሰዓት ስልኬ ላይ መልእክት መጣ። «ለሰላም ነው። በርህ ላይ ነኝ።»

ከፈትሁላት። ሻንጣዋን ይዛለች።

«ማንም አልሞተብህም» አለች፣ ደኅና አደርህ ከማለቷ በፊት። ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። «ሰው ግን ሞቷል። የተክለአብ እኅት።»

«ኤልፍነሽ?»

«ኤልፍነሽ። ረቡዕ፣ ደሴ። ትናንት ሥራ ላይ ሳለሁ ደወሉልኝ።»

ኤልፍነሽን አንዳችንም አይተናት አናውቅም፤ ግን ሁላችንም እናውቃታለን። እናታቸው ስትሞት ተክለአብን ያሳደገችው እሷ ናት፤ ከአፉ አትጠፋም።

ነገሩን በአጭሩ ነገረችኝ። የተክለአብ ልጅ ሚካል ማንችስተር ትሠራለች፤ ትናንት ተነግሯታል፣ ቅዳሜ ትመጣለች። ብቻውን ሳለ እንዳይሰማ እሑድ በማለዳ፣ ልጁ አጠገቡ ሆና ይረዳ ተባለ። እትዬ ሐረገወይን ደውለው፣ ሁለት ቀን ብትዘገዪ ትምህርት ቤቱ አይፈርስም ብለዋታል።

«ምን አልሻቸው?»

«እደውልልዎታለሁ አልኳቸው።» የኮቷን ቁልፍ በጣቷ አዞረችው። «አንተ ንገረው፣ ሳህሌ።»

«እኔ?»

«አንተን ስነግርህ አልጮህክም። ተነሥተህ ሻይ አፍልተህ ለአራታችን ቀዳህልን። ሁለቱ ሳይጠጡ ወጡ፤ እኔ ጠጣሁ።»

ሻይ ማፍላቴን አላስታውስም። እስከ ዛሬም አላስታውስም።

«እሺ» አልኳት። እሺ ያልሁት ደፍሬ አይደለም። እምቢ ብላት ክፉ ቃል ሳትናገር ተነሥታ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ ቤቷ እንደምትመለስ ስላወቅሁ ነው።

ስልኳን አውጥታ ለእትዬ ሐረገወይን አጭር መልእክት ጻፈች። ከዚያ ሰው መንገድ እንደሚያሳይ አድርጋ፣ በእጇ እየጠቆመች አስረዳችኝ። ታማለች ብለህ አትጀምር። ስሟን ጥራ። አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ከዚያ ዝም በል፤ ዝምታው ይከብድሃል፣ ግን አትጨምር። ስልኩን ሚካል ትያዝለት፤ ፌስቡክ ላይ ፎቶ የሚለጥፉ ዘመዶች አሉ።

«ቀኑንም ንገረው» አለች። «ቀኑን በደንብ ካልነገርከው ዕድሜ ልኩን ሲቆጥር ይኖራል።»

አፌን ከፈትሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመት የቆየው ጥያቄ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። የበሩ ደወል ጮኸ።

ተክለአብ ነው። ሻንጣው እኔ ቤት እንዳለ በመልእክት ነግራው ኖሯል። ተላጭቶ፣ የእሑድ ሸሚዙን ለብሶ መጥቷል። በሩን ስከፍትለት በትከሻዬ ላይ አሻግሮ እሷን አየና፣ «ዕፀገነት በዚህ ሰዓት ሰው ቤት?» አለ። «ማን ሞተ?»

እኔ ዞር ብዬ የሌለ ቁልፍ ፈለግሁ።

«ሻንጣዬ ነው» አለችው። «እንደ ሬሳ ከብዷል፤ ና ተሸከም።»

በሳቅ እየተንከተከተ ገብቶ አነሣው። «ድንጋይ ነው የምታጠኚው ወይስ ቅጠል?»

በሁለት መቶ ዐሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ሄድን። ሻንጣው ስላለ ታች ተቀመጥን። ተክለአብ ነጂው ፍሬን በያዘ ቁጥር ከንፈሩን ይመጣል፤ የዛሬ ልጆች ሰው ሳይሆን ድንች የጫኑ ይመስላቸዋል ይላል። እኔ በመስኮቱ ካምደን ሲያልፍ አያለሁ። ፊቱን ማየት አልቻልሁም። ምን እንደሚያወራ ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም።

«ሚካል ነገ ትመጣለች» አለ። «እንዴት ትዝ እንዳልኳት እንጃ። የልደት ቀኔ አይደል፣ በዓል አይደል።»

«ልጅህ አይደለች?» አለች ዕፀገነት።

«ኤልፍነሽ ደግሞ በርበሬ ልካልኛለች። የያዘው ሰው በሚመጣው ሳምንት ይገባል። ስትመለሺ ግማሹ ያንቺ ነው። እዚያ ጨው በሌለው ድንች ደርቀሽ ነው የምትመለሽው።»

ያን ጊዜ ዞርሁ። ዕፀገነት ፊት ለፊት እያየችው ነበር። ዓይኗን አልሰበረችም። ፈገግታዋ ያው የቤተ ክርስቲያን ደጃፉ ፈገግታ ነው። እጇን ዘርግታ ትከሻው ላይ የነበረች ክር አነሣችለት።

«ደግ ሴት» አለችው። «ሰላም በልልኝ።»

ድምፁን አወቅሁት። አንድ መቶ ሠላሳ አራት ቁጥር ላይ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ከፍታውም፣ እርጋታውም ያው ነው። ሌላው እጇ የሻንጣውን እጀታ ይዞ ነበር። አውቶቡሱ ሴንት ፓንክራስ ባቡር ጣቢያ ደርሶ ሰው ሁሉ ሲወርድም አለቀቀውም፤ ተክለአብ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቆ ወሰደው። «አልሰርቅሽም፣ ተይው» አላት።

ጣቢያው በሰው ተጨናንቋል። ወደ ባቡሩ የሚያስገባው ሰልፍ ሁለት ጊዜ ተጣጥፏል። ተክለአብ ሰልፉን አየና ለመንገድ የሚሆናት ሻይ ሊገዛ ሄደ። ሁለታችን ቀረን። ሰልፉ ከጠበቅሁት ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ሻንጣውን እኔ ገፋሁላት።

አሁን ልጠይቃት የፈለግሁት ታውቅ ነበር ወይ የሚለውን ብቻ አልነበረም። ከመቼ ጀምሮ ታውቅ እንደ ነበር፣ ያን ዕለት ከአውቶቡሱ ወርዳ የት እንደ ሄደች፣ ስንት ቀን ብቻዋን ይዛው እንደ ቆየች ልጠይቃት ነበር። እኔ ይዤው የቆየሁት ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ እስከ እሑድ ደግሞ ሁለት ቀን ነበረኝ።

«ዕፀ» አልኳት። «ያን ጊዜ፣ አባቴ ያረፉ ጊዜ...»

ሠራተኛዋ የአራት ሰዓቱ ባቡር ተሳፋሪዎች ወደ ፊት ይምጡ ብላ ተጣራች። ሰልፉ ተከፈለ። ዕፀገነት ፓስፖርቷን ከኮቷ ኪስ እያወጣች ወደ እኔ ዞረች። የሰማችኝ አልመሰለኝም፤ ወይም ሰምታኝ ይሆናል።

«አራት ዓረፍተ ነገር ነው» አለችኝ። «አትጨምር።»

ሻንጣውን ከእጄ ወስዳ በበሩ አለፈች። ኮቷን አውልቃ ከላፕቶፑ ጋር በሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠች። ከሻንጣዋ የጎን ኪስ የቤት ጫማዋ ጫፍ ብቅ ብሏል። በፍተሻው ውስጥ አልፋ ኮቷን ክንዷ ላይ ጣል አደረገችና፣ ሳትዞር፣ ሻንጣቸውን ከሚጎትቱት ልጆች መካከል ገባች።

ተክለአብ ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንዳይፈስበት ቀስ እያለ መጣ።

«ሳትጠጣ ሄደች?» አለኝና ለእኔ ሰጠኝ።